«ዝም አለች» ብዬ የጻፍኩት

ልጄ ኮሌጅ ውስጥ ሥነ ልቦና ታስተምራለች። ከድሮም ያላየችውን አታምንም፤ ሆዴን አመመኝ ስላት እንኳ «የት ጋ?» ብላ በጣቷ ትጫነኛለች። ለተማሪዎቿ የምትነግራቸውም ይህንኑ ነው። የሰው ውስጡ አይታይም፣ ስለዚህ አይለካም፤ የሚታየው የሚያደርገው ነገር ነውና እሱን መዝግቡ ትላቸዋለች።

የሁለት ዓመት ልጇን የምጠብቅላት እኔ ነኝ። ከምሳ በኋላ ሳስተኛት ታለቅሳለች።

«ባለቀሰች ቁጥር ስለምታነሻት እኮ ነው፣ እማዬ። ልቅሶዋን በእቅፍ እየሸለምሽው ነው። ተዪያትና መዝግቢ» ብላ ደብተር ሰጠችኝ።

ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ዓመቴ ነው። ልጄ ደብተሩን እስከሰጠችኝ ቀን ድረስ ጻፊልኝ ያለኝ ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ «ከፍቷት አለቀሰች» ብዬ ጻፍኩ። ልጄ «ከፍቷት» የሚለውን ሰረዘችው።

«መከፋቷን አየሽው?»

«ፊቷ ላይ ነዋ።»

«ፊቷ ላይ ያየሽው እንባ ነው።»

«አንቺን ሳሳድግ እንዲህ ብመዘግብ ኖሮ ደብተሩ ቤቱን ሞልቶ እኛን ያስወጣን ነበር» አልኳት። ሳቀች።

ሰኞ ሕፃኗ ሃያ ደቂቃ አለቀሰች። ማክሰኞ አሥራ አምስት። ረቡዕ ስምንት። ሐሙስ ትንሽ ተነጫነጨችና ዝም አለች። ከበሩ ውጭ ወንበር ላይ ተቀምጬ «ዝም አለች» ብዬ ጻፍኩ፤ ፊደሉ እንዲያምር ደግሜ አደመቅኩት።

ሕፃኗ ገና ሳትነሳ ልጄ ከሥራ ገባች፤ ደብተሩን አይታ ሳመችኝ። «አየሽ፣ ተማረች» አለች። ከዚያ ወደ ልጇ ገባች። የሕፃኗ ገላ እንደ እሳት ይፋጅ ነበር። ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥታለች።

«ጆሮዋ አመርቅዟል። ቢያንስ ሦስት ቀን አልፎታል» አለ ሐኪሙ። «ታለቅስ አልነበር?»



ሕፃኗ ዳነች። ልጄ ግን ክፍል ገብታ ያንን ትምህርት ማስተማር አቃታት። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እማዬ። አንቺ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው» ትለኛለች፤ እኔም ዝም እላለሁ።

እውነቱ እንዲህ ነው። ረቡዕ ዕለት ልቅሶው የሕመም መሆኑን ለይቼዋለሁ። አራት ልጅ ያሳደገ ጆሮ ያንን አይስትም። ተነስቼ የበሩን እጀታ ያዝኩ። ከዚያ ደብተሩን አየሁ። ቁጥሩ በየቀኑ እያነሰ፣ ገጹ እያማረልኝ ነበር፤ እንዳይበላሽብኝ ብዬ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ይህን ማንም አላየም። ስለዚህ በዚያው ደብተር፣ ከሐሙስ ሥር፣ በእጄ ጽፌዋለሁ። ልጄ ስትገባ እንድታገኘው ጠረጴዛው ላይ ገልጬ ትቼዋለሁ። ሕፃኗ እቅፌ ውስጥ ተኝታለች፤ የበሩ ድምፅ ሲሰማ ቀና ብዬ የልጄን ፊት ማየት መቻሌን እንጃ።