የአክስቴ ሁለት ጠርሙሶች

አክስቴ ዝም ብትል ማን ያውቅባት ነበር?

በትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ዕቃ አጣቢ ናት። በፈተናው ዋዜማ አልኮል የያዙ ሁለት ጠርሙሶችን ከውጭ ስታጥብ የስም ወረቀታቸው ተላቀቀና በግምት መልሳ ለጠፈችው። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር አደረች። ጠዋት ለኬሚስትሪ መምህሩ ነገረችው።

«ልጆቹ በእኔ ጥፋት እንዳይወድቁ ብዬ ነው።»

መምህሩ ከሁለቱም ጥቂት ቀንሶ፣ ለየብቻ በአሲድና ዳይክሮሜት በሚባል ብርቱካንማ ኬሚካል አሞቀው። አንዱ አረንጓዴ ሆነ። የሌላው አልኮል ሃይድሮክሲል የሚባለው ክፍል የተያያዘበት ካርቦን ሃይድሮጅን ስለሌለው ከዳይክሮሜቱ ጋር አልተዋሃደም፤ ቀለሙም አልተለወጠም። ወረቀቶቹ በእርግጥም ተቀያይረው ነበር፤ አስተካከላቸው።

«ይሄኛው እንደ እርስዎ ግትር ነው፣ እትዬ።»

«በውሃ የሚለቅ ሙጫ የገዛውስ ማን ሆነና?»

ፈተናው አልቆ ቤት ስትገባ፣ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተኛች።