በቪትዝ የሄደች ሙሽራ

ሐርጌሳ ውስጥ መኪና የሌለው ሰው ሞልቷል። ስለ መኪና የማያወራ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። የምኖርበት የኮድቡር ሰፈር የኪራይ ቤት ይበዛበታል፤ የቆርቆሮ በሩ በዛገ፣ ውሃ በበርሜል በሚገዛበት ቤት ፊት ለፊት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚወጋ ላንድክሩዘር ቆሞ ታገኛላችሁ። እኔ እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም። ባለፍኩ ቁጥር ከንፈሬን እመጥጣለሁ። "እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ" የሚለውን አባባል ድሬዳዋ ተምሬው አደግሁ፤ ወደዚህ ወደ ወላጆቼ አገር ስመለስም ይዤው መጣሁ፤ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ሒሳብ ሳስተምርም ከሒሳቡ ይልቅ እሱን ሳልሰብክ አልቀረሁም።

የእኔ መኪና ቪትዝ ናት። አሮጌ ናት፤ አንደኛው በሯ የሚከፈተው ከውስጥ ብቻ ነው። እንደ አብዛኛው የዚህ አገር መኪና መሪዋ በስተቀኝ ነው፤ የምንነዳውም የመንገዱን ቀኝ ይዘን ስለሆነ ሹፌሩ የሚቀመጠው ከእግረኛው ጎን ነው። ይህ ነገር ለእኔ ተመችቶኛል። መስኮቴን ዝቅ አድርጌ፣ ቀስ እያልኩ፣ በየሱቁ በር የተቀመጠውን ሁሉ ሰላም እያልኩ እሄዳለሁ። "መምህር፣ ይህቺን መኪና መቼ ነው የምትቀይራት?" ይሉኛል። "እናንተ ቤት ስትሠሩ!" እላለሁ። ይስቃሉ። እኔም ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ለዓመታት እንዲህ ስኖር የሚያስደስተኝ ልኬን ማወቄ ይመስለኝ ነበር።

ልጄ አንድ ናት። እናቷ የሞተችው ገና ድሬዳዋ ሳለን፣ ልጅቷ ፊደል ስትቆጥር ነው። እኔው አጥቤ፣ እኔው ጠጉሯን ጎንጉኜ አሳደግኳት፤ ጉንጉኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ይጣመም ነበር። ሐርጌሳ ከገባን በኋላም ቤት ውስጥ የምናወራው በአማርኛ ነው። ሱማሊኛው ለገበያና ለዘመድ ሆነ፤ አማርኛው ለቀልድና ለጠብ ቀረ። ስንጣላ እንኳ ድምፃችንን አንቀንስም፤ በዚያ ሰፈር አማርኛ የሚሰማ ጎረቤት የለንማ።

ቪኤይት የሚባለው ትልቁ ላንድክሩዘር ያለው የወንድሜ ልጅ ነው። መኪና ከዱባይ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች ይሠራል፤ ያገኘውን ሁሉ እዚያ ነጭ መኪና ላይ አፍስሶ እሱ ከነሚስቱ ሁለት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ባገኘሁት ቁጥር እነካካዋለሁ። "እንግዳ ሲመጣ የምታስተናግደው ሳሎን ነው ወይስ ጋቢና?" እለዋለሁ። እሱም ይስቃል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ይህን ከአሁኑ ልናገር። ዝናብ ጥሎ የወንዙ ጎርፍ ሰፈሩን ለሁለት ሲከፍለው በሽተኛ የሚያሻግረው፣ ለቅሶ ሲኖር ሽማግሌ የሚያመላልሰው በዚያው መኪና ነው። እኔ ግን ይህንን አይቼ እንዳላየሁ አልፈው ነበር፤ ለቀልዴ አይመችማ።

እንግዲህ ልጄ ልታገባ ሆነ። የወደደችው ልጅ ጨዋ ነው፤ ድሃም ነው። እዚህ አገር ሠርግ ሲሆን መኪና ያለው ዘመድ ሁሉ መኪናውን ይዞ ይመጣል። ጥሪ አይጠብቅም፤ የሚያስወቅሰው መቅረቱ ነው። ሙሽራዋ የምትገባው ከመጡት ሁሉ በተሻለው መኪና ነው፤ ክብሩ የእሷም ነው፣ የባለመኪናውም ነው። ለሙሽራ የመጣን መኪና መመለስ ደግሞ ለሰላምታ የተዘረጋን እጅ እንደ መመለስ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ አሳምሬ አውቃለሁ።

በሠርጉ ቀን ከቀትሩ የዙሁር ሰላት በኋላ የወንድሜ ልጅ መጣ። ቪኤይቱን አሳጥቦ፣ ከኮፈኑ እስከ ኋላው ነጭ ሪባንና አበባ አስሮበት፣ የኋላውን ወንበር በአዲስ ጨርቅ ሸፍኖ። ደጃፋችን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

"አዴር" አለኝ፤ የአባት ወንድም የሚጠራው እንዲህ ነው። "ለእህቴ ያዘጋጀሁት ነው። ሹፌሯም እኔው ነኝ።"

ያን ጊዜ "አላህ ይስጥህ" ብል ምን ይጎድልብኝ ነበር? አንዲት ሳንቲም አላወጣ። ኪራይ የለው፣ ብድር የለው። የተጠየቅሁት ዝም ብዬ መቀበል ብቻ ነበር። እኔ ግን የተሰበሰበውን ሰው አየሁና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"ልጄ የምትሄደው በአባቷ መኪና ነው። በተውሶ አናጌጥም።"

ልጄ ከነሙሉ ልብሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። አየችኝ፤ ከዚያ መሬቱን አየች። የወንድሜ ልጅ አልተከራከረኝም። አጎንብሶ አበባውን ከቪኤይቱ ላይ አንድ በአንድ ፈታና በገዛ እጁ ቪትዟ ላይ አሰረው። ሪባኑ ለትንሿ መኪና በዝቶ ተረፈ። የተረፈውን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ቪኤይቱን ከኋላችን አሰለፈ። እኔ በዚያ ሰዓት ያሰብኩት "አየህ፣ ገባው" ብዬ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ዋሄን ገበያ አጠገብ ስንደርስ ቪትዟ ጋለች። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ ራዲያተሩን አሠራው ብባል "ገና ይሠራል" እያልኩ ያቆየሁት እኔ ነኝ። ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ወጣ፤ መኪናዋም ቀጥ አለች። ኋላችን ያሉት ሁሉ ጥሩምባ እየነፉ ቆሙ። ሸክማቸውን ያወረዱ ኩሊዎች፣ ገንዘብ መንዛሪዎች፣ ከሰል የምትሸጠዋ ሴት፣ ሁሉም መጥቶ ከበበን። ስልክ ያልያዘ፣ ያልቀረጸ የለም። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ፤ የእኛም ከኋላ ያለው ቪኤይት በሩን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር።

"አባዬ" አለች ልጄ ከኋላ ወንበር፣ በቀስታ። "እንውረድ።"

"ትንሽ ጠብቂ፤ ትነሳለች" አልኳት።

ውሃ አስመጥቼ አፈሰስኩ፤ ኩሊዎቹ እየዘፈኑ ገፉን። በመስተዋት ሳያት ኩሏ ጉንጯ ላይ ወርዷል። ሙሽራ ታለቅሳለች፤ የተለመደ ነው ብዬ አለፍኩት። እኔ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ኮቴን አውልቄ እጅጌዬን ጠቅልዬ ከኩሊዎቹ ጋር ስስቅ ደስ ብሎኝ ነበር።

አዳራሹ ስንደርስ የሙሽራው ሽማግሌዎች በር ላይ ተቀበሉን። ማንም ንግግር አድርግ አላለኝም። እኔው ጀመርኩ። "ሌሎች ሴት ልጃቸውን በማይወጡት ዕዳ ይድራሉ፤ እኔ ግን ልጄን ያመጣሁላችሁ ኩሊ እየገፋት፣ በራሴ ቪትዝ ነው!" አልኩ። ሽማግሌዎቹ "ማሻአላህ!" አሉ። አንዱ ሼኽ ስለ ብክነት አስከፊነት ተናገሩና ለእኔ ዱዓ አደረጉ። የወንድሜ ልጅ ከኋላ ቆሞ ጫማውን ያያል። ልጄ ከሴቶቹ ጋር አልፋ ገብታለች፤ አልሰማችም ብዬ ነበር።

ከዚያ በኋላ ወሬው የእኔ ሆነ። መስጊድ በር ላይ ተረኩት፤ የመምህራን ክፍል ውስጥ ተረኩት፤ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ "መምህር፣ የሠርጉን ንገረን" ይሉኝ ጀመር። በነገርኩት ቁጥር ይጣፍጣል። እንፋሎቱ ይጨምራል፣ ኩሊዎቹ ይበዛሉ። የልጄን ኩል ግን አንድም ቀን አልተረክሁም።

ልጄ ከባሏ ጋር ማሕሙድ ሃይቤ የሚባለው ሰፈር ገባች። ዓርብ ዓርብ ትመጣለች፤ ምግብ ታመጣለች፤ ልብሴን ታያለች፤ ትሄዳለች። ነገሯ ሁሉ ደህና ነው። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ፤ ከእኔ ጋር በሱማሊኛ ታወራ ጀመር። መጀመሪያ የባሏ ቤት አስለምዷት ነው አልኩ። በአማርኛ ስጀምርላት በሱማሊኛ ትመልስልኛለች፤ በትሕትና፣ ለዘመድ እንደሚመለሰው። ቀልዱ ቀረ። ጠቡም ቀረ። የሚገርመው የናፈቀኝ ጠቡ ነው።

አረገዘች። ወሯ ገብቶ ሳለ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከዐስር ሰላት ተመልሼ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። የወንድሜ ልጅ ነው።

"አዴር፣ እንኳን ደስ ያለህ! ወንድ ልጅ ነው። ሁለቱም ደህና ናቸው።"

"የት? መቼ? ማን ወሰዳት?"

"እኔ ነኝ" አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ቪትዟ ፊት ለፊቴ ቆማለች። በእሷ ከኮድቡር ልጄ ቤት እስክደርስ ትኩስ ሻይ እንኳ አይበርድም። ሆስፒታሉ ግቢ ስገባ የወንድሜ ልጅ የቪኤይቱን በር ሁሉ ከፍቶ የኋላውን ወንበር በፎጣ ይጠርጋል። የእንሽርት ውሃዋ መንገድ ላይ ፈስሶ ኖሯል። የዚያ የምቀልድበት መኪና የቆዳ ወንበር ርሶ ቀለሙን ለውጧል። ሲያየኝ ፎጣውን ከኋላው ደበቀ፤ እንዳላፍር ነው። እኔ ግን አፈርኩ።

ልጄ ተጋድማለች፤ አማቷ ልጁን ታቅፈው ከአጠገቧ ተቀምጠዋል። ግንባሯን ሳምኳት። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም።

"ለምን አልጠራሽኝም? መኪናዋ እኮ በር ላይ ናት።"

ከስንት ጊዜ በኋላ በአማርኛ መለሰችልኝ። አማቷ እንዳይሰሙ ነው።

"ታወራብኛለህ ብዬ ነው፣ አባዬ።"

"ምን ብዬ?"

"'የልጅ ልጄ በቪትዝ መጣ' ብለህ። መስጊድ በር ላይ ቆመህ። ምጤንም ትጨምርበታለህ፣ ጩኸቴንም። ሰዉ ይስቅልሃል።"

"በቪኤይት ልሂድ ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ ያን ቀን..."

"ቪኤይቱን መች ፈለግሁ!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። "በአህያ ጋሪም ብትወስደኝ እሄድ ነበር። መኪናዋ ስትቆም ግን አየሁህ። እኔ እያለቀስኩ አንተ ደስ ብሎሃል።"

ሐሰት ነው እንዳልል አይታኛለች፤ ያየችው ደግሞ እውነት ነው። በሰው ዓይን ለመታየት መኪና ይገዛሉ ብዬ ስስቅባቸው የኖርኩት ሰዎች አንዳቸውም ልጃቸውን በገበያ መሐል አስገፍተው አላስጨበጨቡም። ቪትዟ የእኔ ቪኤይት ነበረች። ያውም የወንድሜ ልጅ መኪና በሽተኛ ታመላልሳለች፣ ምጥ የያዛትን ታደርሳለች፤ የእኔ እኔን ከማሳየት በቀር ምን ሠራች? እዚያው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አማቷ የደስታ መሰላቸውና "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ወጥቼ የወንድሜን ልጅ "ይቅር በለኝ" አልኩት። "ስለ ምኑ፣ አዴር?" አለኝ፤ ፎጣውን እየጨመቀ። ያወቀ ነው፤ እንድናገረው ግን አላስገደደኝም። ያ ይበልጥ ከበደኝ።

ከሆስፒታል የምትወጣ ቀን ሁለቱም መኪኖች ግቢው ውስጥ ጎን ለጎን ቆሙ። ራዲያተሩን አሠርቼዋለሁ። እኔ ግን አፌን ዘግቼ የቪኤይቱን በር ከፈትኩላት። ልጄ ልጁን ታቅፋ መጣች፤ አየችኝ፤ ቪኤይቱን አልፋ የቪትዟ ኋላ ወንበር ላይ ገባች።

"አንድ ነገር ቃል ግባልኝ" አለችኝ፣ በአማርኛ። "በምን እንደሄድን ለማንም አትናገርም።"

"ወላሂ አልናገርም።"

መስኮቴን ሳልከፍት ነዳሁ። የባለሱቆቹን ሰላምታ ሁሉ ራሴን በመነቅነቅ ብቻ መለስኩ። ዓርብ መስጊድ በር ላይ "መምህር፣ የልጅ ልጅህ በምን መጣ?" ብለው ሲጠይቁኝ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። "በሰላም መጣ" አልኳቸው። ቅር አላቸው፤ ወሬ ለምደዋላ።

እዚህ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብዬ አፌን ዘጋሁ፤ እጄን ግን መያዝ አቃተኝ። ይኸው በምን እንደሄድን፣ ምጧንም፣ ኩሏንም ጽፌ ጨረስኩ። ጎረቤት እንዳያነበው በአማርኛ ነው የጻፍኩት።

ልጄ ግን ታነባለች።