የአጎቴ አጭር ጠመንጃ

የአጎቴ አርባ ከወጣ በኋላ ባለቤታቸው እትዬ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ካለው ቤታቸው ደውለው «ነይና ይህን ጠመንጃ ውሰጂልኝ» አሉኝ።

ጠመንጃውን አሌክሳንድሪያ አጠገብ ካለ ሱቅ ሲገዙ በመኪና የወሰድኳቸውም ያስተረጎምኩላቸውም እኔ ነበርኩ። ባሩዱም እርሳሱም በአፈሙዙ በኩል ተጠቅጥቆ አንዴ ብቻ የሚተኩስ ዓይነት ነው። ሻጩ ረጅሙን፣ ከሩቅ ማነጣጠሪያ ስኮፕ ያለውን ሊሸጥላቸው ብዙ ደከመ። አጎቴ ግን አጭሩን አነሱ። «እኔ የምቀመጠው ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ ነው። አጋዘኑ አጠገቤ ድረስ ይመጣል። ዓይኑን ሳላይ አልተኩስም በይልኝ» አሉኝ። ባሩዱንም እዚያው ገዙ።

ከዚያ ወዲህ የአደን ሲዝን በመጣ ቁጥር ውድብሪጅ ያለ ወዳጃቸው ጋ ይሄዳሉ። ባዶ እጃቸውን፣ ጫማቸው በጭቃ ተለውሶ፣ ፊታቸው በርቶ ይመለሳሉ።

«ምነው ጋሼ፣ ዛሬም?» እላቸዋለሁ።

«ሳትኩት» ይሉኛል።

የሳተ ሰው እንዲህ ደስ ይለዋል እንዴ? እርጅና ነው ብለን ተውነው።

ትናንት ሄጄ ከቤቱ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ አወረድኩት። አፈሙዙ ውስጥ የጭስ ምልክት እንኳ የለም። የባሩዱ ቆርቆሮ ማሸጊያው አልተነካም። ደጋግሜ አገላበጥኩት። ቆርቆሮው ያው ያን ቀን የገዛነው ነው።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። «ታዲያ ምን ሊያደርግ ነበር በዚያ ብርድ የሚሄደው?» አሉኝ።

«ጋሼን እጠይቃቸዋለሁ» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር።