ውሃው ሲሸሽ

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ላይ «ኦቨርፍሎው» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጽፌ ዞር ስል፣ ባሮ ወንዝ ሞልቶ ከሸሸበት ዳርቻ የተነሳ የደለል ሽታ በመስኮቱ ገባና፣ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄደ።

ቃሉን ያስተማሩን ከደጋ የመጡት ቲቸር ተስፋዬ ነበሩ፤ ጠረጴዛ ላይ ኩባያ አስቀምጠው፣ ከጀሪካን ውሃ እያንቆረቆሩ፣ ሞልቶ ፈስሶ የገዛ ሱሪያቸውን እስኪያረጥብ ድረስ አላቆሙም። «ሞልቶ መፍሰስ ማለት ነው፤ ጥፋት ነው» አሉን። አይፈረድባቸውም፤ በዚያው ሳምንት ጎርፍ ቤታቸው ገብቶ ፍራሻቸው ቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ ነበር። ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲሉን እጄን አውጥቼ፣ ወንዙ ኦቨርፍሎው ሲያደርግ እናቴ ዘር ታዘጋጃለች ብል፣ የደጋ ልጆች በሳቅ ፈነዱ፤ እኛ የወንዝ ዳር ልጆች ግን ምኑ እንደሚያስቅ አልገባንም። የዓመቱ ሁለተኛ በቆሎ የሚዘራው ባሮ ሲሸሽ ትቶት በሚሄደው ጥቁር ደለል ላይ ነዋ!

ያን ቀን ያልተናገርኩት፣ ያው ጎርፍ ሊደርስ የነበረውን በቆሏችንን ጠራርጎ እንደወሰደው ነው። ቤት የቀረው ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለው፣ ጭስ የጠገበው ዘር ብቻ ነበር። ሆድ ባዳ ነው፤ ዓይኔ ከዚያ ዘር አልነቀል ሲለኝ፣ ቆልተን እንብላው፣ እኔም ትምህርቴን ትቼ ሰው ቤት ልቀጠር ብዬ እናቴን ለመንኳት። በአኙዋክኛ፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ «ዘሩም አይበላም፣ አንቺም ከትምህርት ቤት አትቀሪም። ውሃው መሸሹ አይቀርም» አለችኝ። ቅጠል እየቀቀልን፣ ዓሣ ሲገኝም እየበላን ቆየን፤ ውሃው ባፈገፈገ ቁጥር እሷ ጭቃው እስከ ጉልበቷ እየዋጣት፣ ደለሉን በሹል እንጨት እየወጋች፣ የውሃውን ጫፍ እየተከተለች ዘራች። በቆሎው ሲደርስ የመጀመሪያውን እሸት ለቲቸር ተስፋዬ ወሰድኩላቸው፤ እዚያው ቆመው እየጋጡ «ፍራሼን ግን አልረሳትም» አሉኝ።

እናቴ ዛሬ የለችም፤ ትዘራበት የነበረው ዳርቻም አብዛኛው ታጥሯል። ተማሪዎቼን ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ስላቸው፣ የቃሉን ትርጉም ከስልካቸው ፈልገው ስለ አደጋ ጻፉ፤ እናቴ ዘር ታዘጋጃለች ያለ አንድም ልጅ አላገኘሁም፤ ከፋኝ። ግን ከምድጃዬ በላይ ዛሬም ዘር ተንጠልጥሏል። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ልጆቹን ይዤ ወንዝ ዳር እወርዳለሁ፣ ባልታጠረችው ቁራሽ መሬት ላይ ደለሉን እንወጋለን። ዓረፍተ ነገሩን ከዚያ በኋላ ይጻፉት።