ወለል የማይነካው በትር

በሰው አገር ኤርፖርት ውስጥ ዊልቸር ስገፋ ብዙ አዛውንት አድርሻለሁ፤ ተቀምጦ የሚራመድ ያየሁት ግን እኚህን ጃፓናዊ ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ ቃጭል በታሰረበት በትራቸው፣ በእኔ እርምጃ ልክ ወለሉን መታ መታ ያደርጋሉ። የጫማቸው ሶል አልቋል።

ጉልበታቸው ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነጭ ልብስ አለ። ቀይ ማኅተም ሞልቶበታል። አገራቸው አንድ ደሴት ላይ ያሉትን ሰማንያ ስምንት የቡድሃ ቤተ መቅደሶች፣ ተራራ እየወጡ፣ በእግራቸው ዞረው ያስመቱት ነው።

"ለባለቤቴ ነው፤ ስትሞት የምትለብሰው" አሉኝ።

የእናቴ መገነዣ ከኢየሩሳሌም መጥቶ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ነገሩ ገባኝ።

"ባለቤትዎ ታመዋል?"

"ሰባኛው ቤተ መቅደስ ላይ ሳለሁ ልጄ ኮል አደረገችኝ። እማዬ እየጠራችህ ነው፣ ቶሎ ና አለችኝ። አሥራ ስምንት ብቻ ቀርቶኝ ነበር።" ላስቲኩን በመዳፋቸው ዳበሱት። "ጨርሼ ስደውል ተቀብራለች።"

ወደ ፓርኪንግ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ስንደርስ በትሩን ከፍ አደረጉ። ድልድይ ላይ በትር አይመታም አሉኝ፤ ድልድይ ሥር ተኝቷል የሚባለው የተሳላሚዎቹ ቅዱስ እንዳይቀሰቀስ።

ከማዶ ልጃቸው እጇን ኮቷ ኪስ ከትታ ቆማለች። ልብሱን ዘረጉላት። አየችው እንጂ እጇን አላወጣችም።

"አባባ፣ ድልድዩን ጨርሰናል" አልኳቸው።

የልጃቸውን ኪስ አዩ እንጂ በትሩን አላወረዱም።