ፔርሙሴን ያስቀረብኝ ዋስ

የእህቴ ልጅ ፊልም ትወዳለች። ሰሞኑን የአንድ ሰው እውነተኛ ታሪክ ነው የተባለ ፊልም አይታ፣ ለየትኛው ሽልማት እንደታጨ፣ የትኛውን እንደወሰደ፣ የትኛውን በግፍ እንደተነጠቀ ከስልኳ እያነበበች አደነቆረችኝ። ሰማኋት ሰማኋትና እኔም በጊዜዬ ለምርጥ ተዋናይት ታጭቼ ነበር አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ትኩሳት ይዞኝ የምቀባጥር ሳይመስላት አልቀረም።

እውነቴን ነው። ዘመኑ የደርግ ነው፤ እኔ ወገዳ በምትባል የገጠር ከተማ አዲስ አስተማሪ ነበርኩ። ያኔ ቀበሌ ሁሉ የኪነት ቡድን ነበረው። ድምፅ ያለው ይዘፍናል፣ ጉልበት ያለው ይጨፍራል፣ እንደኔ ሁለቱም የሌለው ድራማ ይሠራል። የአካባቢው ቡድኖች ንፋስ መውጫ ላይ ሊወዳደሩ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ፣ የቡድናችን ደራሲና አዘጋጅ የነበረው የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር፣ እንደ ሌላው ጨቋኝና ተጨቋኝ ብለን ስም የለሽ ሰው አናቆምም፣ የእውነተኛ ሰው ሕይወት ነው የምንሠራው አለ። የማንን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁላችንም እማሆይን አሰብን።

እማሆይ ከመመንኮሳቸው በፊት በሙግት የታወቁ ሴት ነበሩ። የአባታቸውን ርስት የምስለኔው አማች ቀምቷቸው፣ ስንቃቸውን አዝለው ደብረ ታቦር ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ነው ጠጉራቸው የሸበተው። ከዚያ ሁሉ መንከራተት የከፋችው ግን አንዲት ቀን ነበረች። ባላጋራቸው ዳኛ ሰድባለች ብሎ ወነጀላቸውና ዳኛው "ዋስ ጥሪ" አሏቸው። በኛ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋስ ጥራ የተባለ ሰው ዙሪያውን ወዳለው ሕዝብ ዞሮ ይጠራል፤ የሚያውቀውም የማያውቀውም ተነስቶ ዋስ ነኝ ይላል፣ በቀጠሮው ቀን ሊያቀርበው ራሱን ያስይዛል። እንዲህ የቆመን ሰው አይቶ ዝም ማለት ነውር ነው። ያን ቀን ግን ሰዉ ምስለኔውን ፈርቶ አቀረቀረ። እማሆይ ጎረቤቶቻቸውን በስማቸው እየጠሩ ለመኑ፤ አንድም የተነሳ የለም። ታሰሩ። ርስቱም የመሬት አዋጁ እስኪመጣ ድረስ በቀማኛው እጅ ቆየ።

ሕይወታቸውን እንድንጫወተው ሲፈቅዱልን አንድ ነገር ብቻ አስማሉን።

"ዋስ ያጣሁባትን ቀን እንደሆነችው አሳዩልኝ" አሉ። "ሳትጨምሩ፣ ሳትቀንሱ። ሰው ይወቅልኝ።"

ቃል ገባን። እሳቸውን ሆኜ የምጫወተው እኔ ስለነበርኩ ከትምህርት ቤት ስወጣ እቤታቸው እየሄድኩ ሙግት ተማርኩ። ተሟጋች እንዴት እንደሚቆም፣ ነጠላውን እንዴት እንደሚያጣፋ፣ ጣቱን ወደ ባላጋራው መቼ እንደሚቀስርና መቼ እንደሚሰበስብ አሳዩኝ። እንዲህ ከቆምሽ እንኳን ርስት ጓሮም አይሰጡሽ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። የዋሱ ቀን ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ይቆማል። የተጠሩትን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ይቆጥሩልኛል፤ እኔም ተሰናብቼ እወጣለሁ።

ልምምዱን ሊያይ የመጣው የቀበሌያችን ካድሬ ያንን ትዕይንት ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ሰፊው ሕዝብ እንዲህ ፈሪ ሆኖ መቅረብ የለበትም፣ ተነስቶ ዋስ ይሁን አለ። ዲሬክተሩ አልተነሳም እኮ ብሎ ተከራከረ። ካድሬው ባይነሳም መነሳት ነበረበት አለ። በዚያን ጊዜ ከካድሬ ጋር መሟገት የሚያዋጣ አልነበረምና ዲሬክተሩ ወደ መለሳለሱ ሲል፣ ነገሩ እማሆይ ጆሮ ደረሰ። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀበሌ ድረስ መጡና፣ ያልተነሳውን ሰው ተነሳ የምትሉ ከሆነ ሕይወቴን መልሱልኝ አሉ። ካድሬው ክርክር የሚወድ ሰው ነበር፤ ከእማሆይ ጋር ግን ከዚያ ወዲያ አልሞከረም።

እኔ ደግሞ ልቤ ያለው ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው የእስር ቤት ትዕይንት ላይ ነበር። እዚያ ብቻዬን ተቀምጬ አንጎራጉራለሁ። ድምፅ የለኝም ብያለሁ፤ ለማልቀስ ግን የሚበቃ ነበረኝ፣ ከበሮ መቺያችንን በልምምድ ላይ ደጋግሜ አስለቅሼዋለሁ። ለምርጥ ተዋናይት የተዘጋጀው ሽልማት አበባ የተሳለበት ትልቅ የቻይና ፔርሙስ መሆኑን ሰምቼ፣ ለእንግዶቼ ሻይ ስቀዳበት ይታየኝ ጀመር። የማስቀምጥበትንም ቦታ መርጬ ነበር።

ንፋስ መውጫ የሄድነው በጭነት መኪና፣ ስንዴ ጆንያ ላይ ተኮልኩለን ነው። እማሆይ ጋቢና ተቀመጡ። መንገዱ አንጀት ይበጥሳል፤ ስንወርድ ሁላችንም አቧራ ለብሰን ሽማግሌ መስለናል። የገበያ ቀን ስለነበር አዳራሹ ከገበያ በመጣ ሰው ጢም አለ። ገብሱን ሸጦ የገባ አለ፣ ባቄላው አልሸጥ ብሎት ታቅፎት የገባ አለ። አብዛኛው ድራማ አይቶ አያውቅም። እማሆይን ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር አስቀመጥናቸው።

ከኛ በፊት የመካነ ኢየሱስ ከተማ ቡድን ነበር። የነሱ ተዋናይት እንባዋ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አያልቅም። በነጠላዋ ጫፍ ሽንኩርት ቋጥራ እንደነበር በኋላ ሰማሁ፤ እስከ ዛሬም አምናለሁ።

ተራችን ደረሰ። እስከ ፍርድ ቤቱ ድረስ ደህና ሄድን። ዳኛ የሆነው የወገዳ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሪዙ ብቻውን ዳኛ ይመስላል፣ ካባውንም ራሱ ሰፍቶታል። ሪዙን ጠምዘዝ አድርጎ ዋስ ጥሪ አለኝ። ጎረቤት ሆነው የቆሙትን የቡድናችንን ልጆች ለመንኩ፤ እንደተለማመድነው አቀረቀሩ። ከዚያ ዲሬክተሩ ባዘዘኝ መሠረት ወደ ተመልካቹ ዞሬ እጄን ዘረጋሁ። ተመልካቹ ጭጭ ይላል፣ ዝምታው ልብ ይነካል ብሎ ነበር ያዘዘኝ።

"እኔ ዋስ ነኝ።"

ከመሀል አንድ ቡሉኮ የለበሰ ገበሬ ዱላውን ተክሎ ቆሟል። ከኋላው አንድ ሙስሊም የጨርቅ ነጋዴ ተነሳና እኔም አለሁ አለ። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ እንጃ፤ ግማሹ አዳራሽ ቆመ። አንዱማ በሬዬን አስይዛለሁ እያለ በልጆቹ ይምላል።

ልብስ ሰፊው ወደ መጋረጃችን፣ ማለቴ ወደ አንሶላው ዞረ። ከጀርባው ዲሬክተሩ እምቢ በል፣ እምቢ በል እያለ እጁን ያርገበግባል። ግን ልብስ ሰፊው የዚያው አገር ሰው ነው። በአደባባይ የቆመ ዋስ እንዴት አድርጎ ይመልስ? ላቡን በካባው ጠረገና፣ ዋስ ካገኘሽማ ሂጂ ብሎ ለቀቀኝ።

የት ልሂድ? የሚቀጥለው ትዕይንት እስር ቤት ነው። ንዴቴ ለጉድ ነበር፤ ያ ሁሉ እንጉርጉሮ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፣ ፔርሙሱም አብሮት። መግቢያ መውጫው ጠፍቶን የመጨረሻውን የአዋጁን መዝሙር እየተጋፋን ዘምረን ወረድን። ንዴቱ በረድ ሲልልኝ ፍርሃት ተተካ። ለእማሆይ የገባነው ቃል፣ ካድሬውን የተጋፈጡለት ቃል ፈርሷል። ወደ ፊት ረድፍ ማየት አልደፈርኩም።

የውድድሩ ዳኞች መክረው ሲያበቁ እጩዎቹን በድምፅ ማጉያ ጠሩ። ድራማችን በሕይወት ታሪክ ታጨ። የልብስ ሰፊው ካባ ታጨ። እኔ ታጨሁ። እጩ ሆኖ መጠበቅ እንዴት ሆድ እንደሚያባባ ያኔ ነው ያወቅኩት። ፔርሙሱን ሽንኩርቷ ወሰደችው፣ ድራማችንም ካባውም በሌላ ተበለጡ። ባዶ እጃችንን ልንመለስ ነው ስንል፣ የዳኞቹ ሰብሳቢ ተዋናይን ከሕዝብ መሀል አስቀምጦ ማስነሳት በአካባቢያችን ታይቶ የማይታወቅ ጥበብ ነው ብሎ አዘጋጃችንን ካመሰገነ በኋላ፣ ምርጥ ረዳት ተዋናይ ቡሉኮ ለብሶ ዋስ የሆነው ጓድ ነው አለ። ዲሬክተሩ ከሰው ጋር አብሮ ሲያጨበጭብ ቆይቶ ነው ነገሩ የገባው። ካድሬያችን ግን ሰፊው ሕዝብ ተነሳ ብሎ ፊቱ በርቷል።

ሰውዬውን ከደጅ፣ አህያውን ሊጭን ሲል አግኝተው አመጡት። ሽልማቱ ብርድ ልብስ ነበር። ተቀበለና በብብቱ ሸጉጦ፣ ቀጥ ብሎ ልብስ ሰፊው ፊት ቆሞ ቀጠሮው ለመቼ እንደሆነ ጠየቀ። አልቀለደም። ባላቀርባት ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ አገሬም ሩቅ ነው አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልብስ ሰፊው ጨዋታ መሆኑን ሊያስረዳው ሲሞክር፣ ዋስነት ጨዋታ የለውም ብሎ ተቆጣው።

ሳቁ ሳይበርድ እማሆይ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ሰውዬው ሄዱ። ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ተከተልኳቸው፤ እሳቸው ግን እኔን አላዩኝም።

"ያችን ሴት ታውቃታለህ?" አሉት።

"የት አውቃታለሁ እማሆይ። ዋስ ጥሪ ተብላ ሰው አጣች፤ ምን ብዬ ልቀመጥ?"

"ያች ሴት እኔ ነኝ" አሉት።

ሰውዬው እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ። ብርድ ልብሱን መሬት አስቀምጦ ቡሉኮውን አደገደገና እጅ ነሳ።

"እንግዲያስ የርስዎ ዋስ ነኝ" አለ። "ቀጠሮ ካለብዎ እኔ አለሁ።"

እማሆይ እጁን ይዘው ብዙ ቆሙ። ሰዉ መሳቁን ተወ።

ስንመለስ እኔንም ጋቢና አስገቡኝ። መንገዱ እያንገጫገጨን ብዙ ከሄድን በኋላ እንደምንም አፌን ከፈትኩ። እንደተማማልነው አልሆነም፣ ያልሆነ ነገር ጨመርንበት፣ ሌላ ጊዜ ስንጫወተው ማንም እንዳይነሳ ለሰዉ ቀድመን እንናገራለን አልኳቸው።

"አይሆንም" አሉ። "ከእንግዲህ ስትጫወቱት ያን ሰውዬ እንዳትተዉት።"

"ያልሆነውን እማሆይ? እርስዎ እኮ ነዎት ሳትጨምሩ ያሉን።"

"ሆነ እንጂ ልጄ" አሉኝ። "ተነሱልኝ። በዓይኔ አይቻለሁ።"