ያልቆጠርኳቸው አምስት ጠዋቶች

ዛሬ ጠዋት ባጃጄን ሳጥብ የፊት መብራቱ መስታወት ላይ አንዲት ትልቅ የእሳት እራት ተጣብቃ አገኘሁ። ክንፏ እንደ ዛፍ ቅርፊት ግራጫ ነው፤ ሆዷ ግራና ቀኙን ሮዝ መስመር አለበት። በእጄ የሳሙና ውሃ የነካ ጨርቅ ይዤ ነበር። የሳሙናው ሽታ ከራሰው የክንፏ ብናኝ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ እጄ ባለበት ቆመ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ጓደኛዬ «ምነው፣ ድንኳን ልትተክልላት ነው እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ይህን ሽታ የማውቀው ከእህቴ ከአስቴር ጋር ነው፤ አስቴር ከሞተች ደግሞ ሦስት ዓመት ሆናት።

ቤታችን ሶዶ ዳር ላይ፣ ከተማው አልቆ እንሰቱ የሚጀምርበት ቦታ ነው። አስቴር በቤሌ መንገድ ወርዶ በሚገኝ ቆላ ቀበሌ የግብርና ልማት ሠራተኛ ነበረች፤ ቤት የምትመጣው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነበር። ከጓሮ፣ በእንሰቱና በስኳር ድንቹ መደብ መካከል፣ አንድ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ተክላ ነጭ አምፖል አንጠልጥላበታለች፤ ከሥሩ የዱቄት ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ ያለው ሰማያዊ ሳፋ ይቀመጣል። የእሳት እራቶቹ ወደ ብርሃኑ ይመጣሉ፣ ከአምፖሉ ጋር ይጋጫሉ፣ ውሃው ላይ ይወድቃሉ፤ ሳሙናው ደግሞ እንዳይነሱ ያደርጋቸዋል። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ በአጥር አሻግረው «አስቴር፣ ሰው በጨለማ ራቱን ይበላል፣ አንቺ ለትል እናት መብራት ታበሪያለሽ!» ይሏት ነበር። እሷም «እነሱ ቀን ጠብቀው ነው የሚመጡት እትዬ፣ እኛም ቀናቸውን እንወቅባቸው እንጂ» ትላቸዋለች።

ቀናቸውን ማወቅ ቀልድ አልነበረም። በእኛ አገር በመስከረም የሚተከለው የስኳር ድንች ሐረግ፣ በበጋ እህል ሲያልቅ ቤተሰብ የሚያቆም እሱ ነው። ያቺ ሮዝ መስመር ያላት የእሳት እራት እንቁላሏን በቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ የሚፈለፈለው አባጨጓሬ ጭራው ላይ እንደ ቀንድ ያለ ነገር አለው፤ ትንሽ ሳለ በእጅ ለቅሞ መጨረስ ይቻላል፣ ካደገ ግን ማሳውን በጥቂት ቀን ግንድ ብቻ ያስቀረዋል። እሷ የምትሠራበት ቀበሌ መብራት ስለሌለ ወጥመዱ የእኛ ጓሮ ሆነ፤ ቆጠራው ደግሞ የእኔ። ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። በየጠዋቱ ውሃውን በወንፊት አጠልለዋለሁ፣ የወደቁትን በእንሰት ቅጠል ላይ እዘረጋቸዋለሁ፣ ትልልቆቹን ለይቼ ደብተር ላይ ቀኑንና ቁጥሩን እጽፋለሁ። እርጥብ ቅጠል ላይ ተኝተው እግራቸውን ቀስ አድርገው ሲያንቀሳቅሱ አንዳንዴ ያስፈሩኝ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም። አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ይጠራል። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ኢሻ፣ ስንት?» ትላለች። ኢሻ በወላይትኛ ወንድም ማለት ነው። ቁጥሩ ብዙ ከሆነ በዚያው ቀን ገበሬዎቹን ይዛ ማሳ ትገባለች። ሌላ ማስጠንቀቂያ አልነበራቸውም።

ከዚህ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ብቻ እንደሆነው ልጻፈው።

በዚያ መስከረም የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ የሰፈራችን ልጆች እንደየዓመቱ ተሰብስበን ለየቤቱ የበዓል እንጨት እንፈልጥ ነበር። ማታ ማታ ከሥራው በኋላ ዘፈን አለ፤ ለዘፈኑ ብርሃን ፈለጉ። እኔ ከወጥመዱ ምሰሶ ላይ ከነገመዱ የሚፈታ አምፖል ነበረኝ። ለአንድ ምሽት ብዬ ፈታሁት። ልጆቹ ሲያጨበጭቡልኝ ደስ አለኝ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም በምንም አጨብጭቦልኝ አያውቅም ነበር። በማግሥቱ ስልኩ ሲጠራ ሳፋው ውስጥ የነበረው ውሃ ብቻ ነው። «ሁለት» አልኩ። «እሺ ጎበዝ» አለችኝ። እንዲህ ቀላል ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። አምፖሉ ሳይመለስ አምስት ምሽት አደረ። በሁለተኛው ቀን፣ ቁጥሬ እውነት እንዲመስል፣ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልጬ ያለፈውን ዓመት መስከረም አወጣሁና የዚያኑ ሳምንት ቁጥሮች እንዳሉ ገለበጥኩ። አንድ። ሦስት። አንድ። ሁለት። ያለፈው ዓመት ሰላም ነበር።

ሐሙስ ለበዓሉ ስትመጣ አምፖሉን ሮጬ አምጥቼ ሰቀልኩት። ዓርብ ጠዋት ሁለታችን አብረን ወደ ጓሮ ወጣን። ሳፋው ውሃው አይታይም ነበር። ግራጫ ክንፍ በግራጫ ክንፍ ላይ ተደራርቦ፣ ከሥር ያሉት ሞተው ከላይ ያሉት ገና እየተርገበገቡ፣ አንድ ላይ ደረቅ ቅጠል ሲታሽ የሚመስል ድምፅ ያሰሙ ነበር። አርባ አንድ ትልልቅ ቆጠርን። አስቴር እጇ እንደረጠበ ቀና ብላ አየችኝ።

«ትናንት ሁለት፣ ዛሬ አርባ አንድ?»

«ትናንት ነፋስ ነበር» አልኩ።

እጆቿን እያራገፈች በጣቷ ቆጠረች። እንቁላሉ እስኪፈለፈል አራት አምስት ቀን፣ ትሉ እስኪጠነክር ከሳምንት በላይ። ከዛሬ ከተነሣን ጊዜ አለ፣ ጊፋታን ውዬ እደርሳለሁ አለች። እናታችን ከቤት ሰምታ እልል አለች። አስቴር የምትቆጥረው ከዓርብ ነበር፤ የእሳት እራቶቹ ግን ስንት ቀን ቀድመው እንደመጡ ማንም አያውቅም፣ አለማወቃችንን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በዚያች ደቂቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር የከሰዓቱን አውቶብስ ትይዝ ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ ወንፊቱን ልጠበው ብዬ ሄድኩ።

በዓሉ አማረ። ሥጋ በላን፣ አስቴር ከሰፈር ሴቶች ጋር ጨፈረች፣ እትዬ ብርቄ «ዛሬስ ትሏን ረሳች» ብለው ተረቧት። ስትሄድ አውቶብስ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሜ ሸኘኋት፤ ያኔም አልተናገርኩም።

ስትደርስ አባጨጓሬው ጣት አክሎ ነበር። በቆላው ሙቀት ቶሎ አደገ። ማሳ ለማሳ እየሄደች ከገበሬዎቹ ጋር በባልዲ ስትለቅም ሦስት ሳምንት ቆየች። ለማሳው ይቀርባል ብላ የምታድረው አጎበር በሌለው ቤት ነበር። ስትደውል ድምፅዋ ደክሟል፤ «ስንት?» ማለቷን ትታለች። ትኩሳት ሲጀምራት ድካም ነው እያለች ሥራዋን ቀጠለች። በመጨረሻ በአውቶብስ ሶዶ ሲያመጧት ሰውም አትለይም ነበር። ወባ ነው አሉን። በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ለቅሶው ላይ ከዚያ ቀበሌ ስምንት ገበሬዎች መጡ። ሐረጋቸው ካለቀባቸው አንዱ፣ ጋሽ ሱላሞ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አባቴ አጠገብ ተቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጅዎ ደብቃን አታውቅም» አሉት። «ያ ነገር ሲደርስብን 'ቆጠራው የእኔ ነው፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ' ብላ በሰው ፊት ተናገረች። አንዳንዱ ክፉ ተናግሯታል፤ ልጆች አሉን፣ በጋው አስፈርቶን ነው። እኛ ይቅር ብለናታል። እርስዎም አይዘኑባት።» በሰው ገንዘብም ሆነ በሰው ስም እጁን አስገብቶ የማያውቀው አባቴ ራሱን ዝቅ አድርጎ ስለ ልጁ ይቅርታ ተቀበለ። እኔ ጆግ ይዤ እጅ እያስታጠብኩ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ውሃው ከማስታጠቢያው አልፎ በሽማግሌው እግር ላይ ፈሰሰ። «አይዞህ ልጄ» አሉኝ።

እሷ የእኔን አውቃ ሸፍናልኝ ይሁን፣ ወይም እውነት የተሳሳተች መስሏት ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ሁለቱንም ሳስበው አንዱ ከሌላው አይቀልም።

ሰው ሲሞት የሚጎድለው ብዙ ነው። የሚስቅ አፍ ከቤት ይጎድላል፣ ከበዓል ጭፈራ አንድ ድምፅ ይቀንሳል፣ እናት አንድ ሳህን ታወጣና መልሳ ታስቀምጣለች። ይህ የሁሉም ለቅሶ ቤት ነው። ከአስቴር ግን እኔ በእጄ የወሰድኩት ሌላ ነገር አለ፤ ስሟን። በዚያ ቆላ ከእኛ ቤት በላይ በሚያውቋት ሰዎች ዘንድ የምትታወሰው በቆጠራ የተሳሳተች ልጅ ሆና ነው፤ ደግ ነበረች፣ ግን ተሳሳተች ይላሉ። ይህን የሚያስተካክል አንድ ሰው ብቻ አለ፣ እሱም በየቀኑ በመናኸሪያው በር ያልፋል። የቤሌ አውቶብስ በየጠዋቱ ይሞላል፣ ረዳቱ ይጣራል፣ እኔ ተሳፋሪ እያወረድኩ እሰማዋለሁ።

ትናንት ያሳፈርኳት አንዲት ሴት ከዚያው ቀበሌ ነበረች። ጋሽ ሱላሞን ጠየቅኳት። ከአልጋ ከዋሉ ወር አልፏቸዋል አለች፤ ሰው ሲገባ ግን ያውቃሉ፣ አንዳንዴም ስለዚያች ልጅ ያነሣሉ። ምን ይላሉ አልኳት። «ምን ይላሉ፣ ይቅር ብያታለሁ ነው የሚሉት» አለችና ሂሳቧን ሰጥታኝ ወረደች።